ባዶ መሬት እንግዳ አረም ይጠራል

በመስከረም ወር ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቍልቍለት ጨርሶ ወደ ሜዳው ሲቃረብ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ዓይነት አበባ ያያል። አንደኛው ቢጫ ነው፤ እርሱም ከሕፃንነታችን ጀምሮ የምናውቀው፣ ልጃገረዶች ለእንቍጣጣሽ የሚለቅሙት አደይ አበባ ነው። ሁለተኛው ግን ነጭና ደቃቅ ሲሆን፣ በአረንጓዴ ቅጠል ላይ የተበተነ ቅንጬ ይመስላል። ሕዝቡም «ቅንጬ አረም» ይለዋል። ከሩቅ ላየው ሰው ሁለቱም ያማሩ ናቸው፤ ቀርቦ ለመረመረው ግን አንዱ የቤቱ ልጅ፣ ሌላው የልጁን መኝታ የቀማ እንግዳ ነው።

በዚህ ወር ስለዚሁ እንግዳ አረምና ስለ አገራችን ሣር ልጽፍላችሁ አስቤአለሁ። ነገር ግን መምህር ሌላውን ከመምከሩ በፊት የራሱን ጥፋት መናገር ይገባዋልና፣ ከራሴ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የመስቀል በዓል እንዳለፈ፣ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አረሙ እስከ ተማሪዎች ወገብ ደርሶ ነበር። እኔም «ንጽሕና የትምህርት መጀመሪያ ነው» ብዬ የሁለት ክፍል ተማሪዎችን አሰለፍሁና በባዶ እጃቸው እንዲነቅሉት አዘዝሁ። ልጆቹ በዘፈንና በሳቅ እስከ ቀትር ሠሩ፤ ግቢውም እንደ አውድማ ተላጨ። የተነቀለውንም ተሸክመው ከአጥር ውጭ፣ ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወርደው ጅረት ዳር ከመሩት። እኔም በሥራዬ እጅግ ተደሰትሁ።

በማግሥቱ አራት ልጆች ክንዳቸውና አንገታቸው ሽፍ ብሎ፣ ዓይናቸውም ቀልቶ መጡ። አንዲት ተማሪ «ጋሼ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሳክከኝ አደረ» ብላ ክንዷን ስታሳየኝ አፈርሁ። ከዚህ የባሰው ግን በተከታዩ ክረምት መጣ። ጎርፉ ክምሩን ጠርጎ ወስዶት ኖሮ፣ የጅረቱ ዳርቻ ከላይ እስከ ታች በነጭ አበባ ተሸፈነ። ከጅረቱ በታች የግጦሽ መስክ ያላቸው አንድ አዛውንት ወደ ትምህርት ቤቱ መጥተው፣ ሰላምታ ከሰጡኝ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «መምህር፣ እርስዎ ግቢዎን አጸዱ፤ ጥራጊውን ግን ለእኔ ላም ሰደዱላት። ሣሩ ቢጠፋባት እርሱን ቀመሰች፤ ወተቷም መረረ። የልጅ ልጄ እንኳ ቀምሶ ተወው።» መልስ አልነበረኝም። የትምህርት ቤቱም ግቢ ቢሆን እንደ ተመኘሁት አልሆነልኝም፤ ባዶ በቀረው መሬት ላይ አረሙ ከቀድሞው ይልቅ ጠንቶ በቀለ።

ስለዚህ ተክል ማንበብና ዐዋቂዎችን መጠየቅ የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው። የተማርሁትንም እነሆ አካፍላችኋለሁ።

ከየት መጣ?

የዕፅዋት ሊቃውንት ይህን አረም «ፓርቴኒየም» ይሉታል። የትውልድ አገሩ በአሜሪካ ምድር፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በሕንድና በአውስትራልያ መታየት ጀመረ፤ ከዚያም በኋላ በሁለቱም አገሮች እጅግ ሰፊ የሆነ የግጦሽና የእርሻ መሬት ወረሰ። በአገራችን አስቀድሞ የገነነው በሐረርጌ በኩል ነው። በዚያ የሚኖረው የኦሮሞ ገበሬ «ፋራምሲሳ» የሚል ስም አወጣለት፤ ትርጕሙም «የሚያስፈርም» ማለት ነው። መሬትህን ለቅቀህ ሂድ ብሎ የሚያስፈርም አረም መሆኑን ገበሬው በአንድ ቃል ተናገረው።

ወደ ወሎ ምድር እንዴት እንደ ገባ ብዙዎች ተመራማሪዎች የሚሰጡት ግምት አንድ ነው፤ ይኸውም ከእርዳታ እህል ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚል ነው። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ታላቅ ረኀብ ጊዜ በባቲና በቆረም ሕዝብ ተሰብስቦ እንደ ነበረ፣ የእርዳታ እህልም በጭነት መኪና ይመላለስ እንደ ነበረ ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። የአረሙ ዘር እጅግ ደቃቅ በመሆኑ በስንዴ ጆንያ ውስጥ ቢገባ የሚያየው አይኖርም። ይህን ስጽፍ ልቤ በሁለት ይከፈላል፤ ያ እህል የብዙ ሰው ነፍስ አድኗልና። የላኩትም ሆኑ የተቀበሉት በጆንያው ውስጥ ሌላ ነገር እንዳለ አላወቁም። ስለዚህ ነገሩን የምናነሣው ማንንም ለመውቀስ ሳይሆን፣ ዘር የሚባል ነገር ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው ለማስተዋል ነው።

ከገባ በኋላ ግን መንገዱን የጠረግንለት እኛው ራሳችን ነን። ኮምቦልቻ የመንገድ መገናኛ ናት፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚያልፈው መኪናና በባቲ በኩል ወደ አፋር ሜዳ የሚወርደው መኪና በእርሷ ያልፋሉ። ዘሩ በጎማ ላይ በተለጠፈ ጭቃ፣ በከብት ሰኮና፣ ለቤት ሥራ በሚጫን አሸዋና ጠጠር፣ ከሌላ ወረዳ በሚገዛ ድርቆሽ፣ እንዲሁም በጎርፍ ይጓዛል። ብርቱ የሚሆነውም በቆላውና በወይና ደጋው ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ ብርዷ ያዘገየዋል፤ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በኮምቦልቻ ግን ሙቀቱ ይስማማዋል።

እንዴት ያሸንፋል?

አንባቢ «ይህን ያህል ጊዜ የኖረ የአገር ሣር በአንድ እንግዳ እንዴት ይሸነፋል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እኔም ይህንኑ ጠይቄ ነበር። መልሱ በአምስት ነገር ይጠቃለላል።

መጀመሪያ፣ የዘሩ ብዛት ነው። አንድ ደህና የበቀለ ተክል ከ15,000 እስከ 25,000 ዘር ይሰጣል፤ በአፈር ውስጥ የተቀበረውም ዘር ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ሁለተኛ፣ ጊዜ አይጠብቅም። አደይ አበባ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሲወጣ ያብባል። ቅንጬ ግን የበልግም ዝናብ ይሁን የክረምት፣ ርጥበት ካገኘ ይበቅላል፤ በበቀለም ከአንድ ወር ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ማበብ ይችላል። ሦስተኛ፣ ለጋ ሳለ ቅጠሉን በመሬት ላይ እንደ ሰሌን ይዘረጋል፤ ከሥሩ ያለው ትንሽ ሣር የፀሐይ ብርሃን አጥቶ ይጠወልጋል። አራተኛ፣ ከሥሩና ከሚበሰብሰው ቅጠሉ የሚወጣው ነገር የሌሎችን ዕፅዋት ዘር እንዳይበቅል ይከለክላል።

አምስተኛው ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ከብት ሌላ ምግብ ካላጣ በቀር ቅንጬን አይበላም። ስለዚህ በአንድ መስክ ላይ አሥር ላሞች ቢሰማሩ፣ አሥሩም የአገሩን ሣር እየመረጡ ይግጡና ቅንጬን ይተዉታል። ሣሩ በየቀኑ ሲቀነስ አረሙ ያለ ከልካይ ያድጋል። እንግዲህ አረሙ ሣሩን ያሸነፈው ብቻውን አይደለም፤ ከአቅም በላይ የተጋጠ መስክ እየረዳው ነው። የሚገባውም ሣሩ ወደ ሳሳበት፣ ወደ ተቈፈረና ወደ ተራቈተ ቦታ ነው፤ እርሱም የመንገድ ዳር፣ የወንዝ ዳር፣ አዲስ የተደለደለ መሬትና የከብት መዋያ ነው። ጥቅጥቅ ብሎ በበቀለ ሣር መካከል ወይም በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ግን እምብዛም አይሆንለትም።

ምን እናጣለን?

ገበሬው የሚያጣው በግልጽ የታወቀ ነው። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በማሽላ ማሳ ላይ ተደርጎ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ አረሙ ሳይነቀል ከማሽላው ጋር ቢቆይ ምርቱን ከመቶ 40 እስከ 97 ድረስ እንደሚቀንሰው አሳይቷል። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የተደረገ ሌላ ጥናትም፣ አረሙ በገነነበት ቦታ የሌላው ሣርና ቅጠላቅጠል ዓይነትና ብዛት እንደሚያንስ መስክሯል።

ይሁን እንጂ ይህ መጽሔት የቤተ ሰብ ነውና፣ ነገሩን ወደ ቤታችን አስገብተን እንመልከተው። መሶቡና ሰፌዱ ከምን ይሰፋል? ከአክርማ ነው። የአያቶቻችን ጎጆ በምን ይከደን ነበር? በሰምበሌጥ ነው። በክረምት መውጫ ላሟ ወተት የምትጨምረው፣ ንቧም የምትቀስመው በምን ላይ ነው? በመስኩ ማገጥና በሜዳው አበባ ላይ ነው። የእነዚህ ሁሉ ቦታ ደግሞ አረሙ የሚመኘው የመስክ ዳርና የመንገድ ዳር ነው። አገራችን ወደ 6,000 የሚደርሱ የዕፅዋት ዓይነቶች እንዳሏት፣ ከመቶ 10 ያህሉም በሌላው ዓለም እንደማይገኙ ሊቃውንት ይናገራሉ። ከነዚህ አንዱ ከኮምቦልቻ መስክ ቢጠፋ ከሌላ አገር በመርከብ ሊመጣልን አይችልም።

የሚያስደንቀው ነገር አደይ አበባ፣ የጾም ዘይት የምናወጣበት ኑግና ቅንጬ አረም በዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ የአንድ ትልቅ ወገን ዘመዶች መሆናቸው ነው። ዘመዳሞች ሲሆኑ አንዱ ያስጌጣል፣ አንዱ ይመግባል፣ አንዱ ይወርሳል። ከዚህም የተነሣ ባዕድ ተክል ሁሉ ክፉ ነው የሚል አሳብ እንዳያድርብን እለምናለሁ። በወጣችን ውስጥ ያለው በርበሬ፣ በማሳችን ያለው በቆሎና ድንች የመጡት ቅንጬ ከመጣበት ከዚያው ከአሜሪካ ምድር ነው። ባሕር ዛፍም በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ መጥቶ ስንት ቤት አቁሟል፤ ውሃ ይጠጣል ተብሎም ይከሰሳል። እንግዳ የሚመዘነው በመጣበት አገር ሳይሆን በጠባዩ ነው። በሰው እጅ ተተክሎ በተተከለበት የሚኖር አንድ ነገር ነው፤ ማንም ሳይተክለው እየሮጠ የባለቤቱን ቦታ የሚወርስ ግን ሌላ ነው።

በጠባዩ ክፉ የሆነው ቅንጬ ብቻም አይደለም። ከባቲ ወደ አፋር ሜዳ የወረደ ሰው፣ ለጥላ፣ ለማገዶና ለነፋስ መከላከያ ይሆናል ተብሎ በበጎ አሳብ የመጣው ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾኻም ዛፍ የአርብቶ አደሩን ግጦሽ እንዴት እንደ ዘጋው ያያል። በጣና ሐይቅ ላይ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የተንሰራፋውን እምቦጭ የማያውቅ የለም። የወፍ ቆሎ የሚባለውም፣ አበባው ስላማረ ለአጥር የተተከለው ቍጥቋጦ፣ ፍሬውን ወፎች እየበሉ ዘሩን ወደ ጫካ ያደርሱታል።

የተላኩት ጢንዚዛዎች

ቅንጬ በትውልድ አገሩ እንዲህ አይከፋም። በዚያ ቅጠሉን የሚበሉ፣ ግንዱን የሚቦረቡሩ ነፍሳትና የሚያደርቀው የዋግ በሽታ አሉበት። ወደ እኛ ሲመጣ ግን ጠላቶቹን በአገሩ ትቶ ብቻውን መጣ። ስለዚህ ሊቃውንት ጠላቶቹንም እናምጣበት አሉ። በአምቦ የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል ሁለት ደቃቅ ነፍሳት በዝግ ቤት ተመረመሩ፤ አንደኛዋ ቅጠል የምትበላ ጢንዚዛ ናት፤ ሁለተኛዋ ከነቀዝ ወገን ሆና እጭዋ ግንዱን ትቦረቡራለች። ምርመራውም የሚያጠያይቅ ነበር፤ የቅንጬ ዘመድ የሆነውን ኑግን ቢበሉብንስ? ይህ ተፈትኖ፣ ጕዳት እንደማያደርሱ ከታየ በኋላ በወለንጪቲና በሌሎችም ቦታዎች ተለቀቁ። ይህ በጎ ሥራ ነው። ነገር ግን ጢንዚዛዋ የምትቀንሰው አረሙን ነው እንጂ የጠፋውን ሣር አትተክልልንም። እርሱ የእኛ ድርሻ ነው።

የተጠረገው ቤት

ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። ግቢውን ከላጨሁ በኋላ አረሙ ለምን ጠንቶ ተመለሰ? በወንጌል የተነገረውን እናስታውስ፤ ከሰው የወጣው ርኩስ መንፈስ ሲመለስ ቤቱን ተጠርጎ ባዶ ሆኖ ስላገኘው፣ ከእርሱ የከፉ ሌሎች ሰባት ይዞ ገባ። ለዓመታት ይህንን ለልጆች ሳስተምር ኖሬ፣ በገዛ ግቢዬ ያደረግሁት ግን ይህንኑ ነበር። ጠረግሁ እንጂ አልሞላሁም። መንቀል ግማሽ ሥራ ነው፤ ሌላው ግማሽ የተነቀለበትን ቦታ በአገሩ ሣር መሙላት ነው።

የዚህ ማስረጃ ከዓይናችን የራቀ አይደለም። ከኮምቦልቻ በላይ ባለው በየጎፍ ተራራ ላይ ጥዱና ወይራው ጥላ በጣለበት ሥፍራ፣ እንዲሁም ደህና አጥር ባላቸው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ውስጥ የአገሩ ዕፅዋት በቦታቸው ጸንተዋል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉት የደን ሊቅ በ2007 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ጥናት፣ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ ብቻ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ ቈጥረዋል። በወሎ ምድር ደግሞ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በመስጊድና በመቃብር ሥፍራዎቻቸው የጠበቋቸውን ታላላቅ ዛፎች ሁላችንም እናውቃለን። ቅንጬ ወደ እነዚህ ሥፍራዎች የሚገባው አጥሩ በፈረሰበት፣ ዛፍ በተቈረጠበትና መንገድ በተቈፈረበት በኩል ነው። እንግዲህ ቅጽርን መጠበቅ ሣርንም መጠበቅ ነው።

ለየቤቱ የሚሆን ምክር

አንደኛ፣ ጊዜውን ዕወቁ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፣ አረሙ ሳያብብ፣ ዝናብ ዘንቦ መሬቱ ሲለሰልስ ከነሥሩ ይነቀል። ማጨድ አይጠቅምም፤ ከጕቶው ያቈጠቍጣልና።

ሁለተኛ፣ በባዶ እጅ አትንኩት። ጓንት ቢጠፋ ላስቲክ ወይም ወፍራም ጨርቅ በእጅ ላይ ይደረግ፤ አፍና አፍንጫም ይሸፈን። ሕፃናትና የአስም ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሥራው ይራቁ። ቆዳው ያሳከከው ሰው በውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ ካልተሻለውም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሦስተኛ፣ አብቦ ከተገኘ ወደ ወንዝ፣ ወደ መንገድና ወደ ጎረቤት አይጣል፤ ከፍግ ጋርም አይቀላቀል። ውሃ በማያገኘው አንድ ቦታ ተከምሮ፣ ሲደርቅ በጥንቃቄ ይቃጠል።

አራተኛ፣ የሚገዛውን ዘር፣ ድርቆሽና አሸዋ መርምሩ። ዘር ከመዘራቱ በፊት ይበጠር፤ አሸዋ በተራገፈበት ቦታም በሚቀጥለው ዝናብ የበቀለው ይታይ።

አምስተኛ፣ ባዶውን ሙሉ። የሰርዶ ሐረግ ቈራርጦ መትከል ገንዘብ አያስወጣም፤ ሕፃናትም ይችሉታል። ሣሩ እስኪጠና ድረስ ከብት አይግባበት።

ስድስተኛ፣ ብቻችሁን አትሥሩ። የአንዱ ግቢ ቢጸዳ የጎረቤቱ ካልጸዳ፣ ነፋስና ጎርፍ አጥር አይሉም። እድሩና ማኅበሩ በዓመት ሁለት ቀን፣ አንዱን በበልግ፣ ሌላውን በክረምት መግቢያ ለዚህ ቢመድብ ድካሙ ቀላል ይሆናል።

በእኛም ትምህርት ቤት ይህ ሥርዐት ከተጀመረ ሦስት ዓመት ሆነ። በመጋቢትና በሰኔ ከፍ ያሉት ተማሪዎች እጃቸውን ሸፍነው ይነቅላሉ፤ ታናናሾቹ ሰርዶ ይተክላሉ። ወደ አዛውንቱም መስክ እየሄድን የጅረቱን ዳር አብረን አጽድተናል። ሥራው አልቋል አልልም፤ በአፈር ውስጥ የተቀበረው ዘር እስከ ዛሬ ይበቅላል። አዛውንቱን ባለፈው ጊዜ ስጠይቃቸው «ገና ነው መምህር፤ ብቻ ላሟ የምትነጨው ሣር አግኝታለች» አሉኝ። ይህ ለእኔ ከምስጋና ይበልጥብኛል።

በመስከረም መባቻ ደግሞ በግቢው አጥር ሥር፣ ሰርዶው በተያያዘበት በኩል፣ ጥቂት አደይ አበባ ወጥቶ አየሁ። ሴቶች ልጆች ሮጠው መጥተው «ጋሼ፣ እንልቀመው?» አሉኝ። ማን እንደ ተከለው አላውቅም፤ ዘሩ በመሬቱ ውስጥ ቦታ እስኪያገኝ ይጠብቅ ኖሮ ይሆናል። እኔም «ዘንድሮ ተዉት፣ ዘሩን ይጣል፤ ለከርሞ ትለቅማላችሁ» አልኋቸው። ልጆቹም እሺ ብለው ዙሪያውን በድንጋይ ከልለውት ሄዱ።